ከአልጋ ሥር የቀረው የፋሲካ ጠላ

ጋሽ ጥዑመልሳን እጃቸውን ዘርግተው "ጽዋውን አምጪ" ሲሏት ምንዳዬ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ጠበቅ አድርጋ ያዘችና "አላመጣም!" አለች።

እንዲህ ናት እንግዲህ። ካርቱም ውስጥ ምንዳዬን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብለው ሲተርቧት፣ "ወረቀቱን ልሁን እንጂ ሞኟን እንኳ አልሆንም" ትላለች። ከጎንደር ተነስታ በመተማ በኩል ሱዳን ስትገባ ገና ኮረዳ ነበረች። አሁን ፀጉሯ ገብስማ ሆኗል፤ ግትርነቷ ግን አንዲት ዘለላ አልሸበተም።

ነገሩ የሆነው ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ነው። ጦርነቱ ከካርቱም ከራቀ ወዲህ ሰው አንድ በአንድ እየተመለሰ ነው። ከሚካኤል ማህበርተኞች ግን ያን ዕለት ዛፉ ሥር የተገኙት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ገሚሱ ካይሮ ነው፤ ገሚሱ ገዳሪፍ፣ ገሚሱ አገር ቤት ገብቷል። አፈር የለበሰውም አለ። ጋሽ ጥዑመልሳን የማህበሩ ሙሴ ናቸው፤ አለቃው ማለት ነው፣ ደንብ የሚያስጠብቁ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ። እሳቸውም ደክሟቸዋል። ሚስታቸው ጎንደር ገብታ "ና" እያለች ትጣራለች። ከኅዳር ሚካኤል ማግስት በሚነሳው መኪና ሊሄዱ ቆርጠዋል።

"ስሚ ልጄ" አሏት። "ማህበርተኛው ተበትኗል። ጽዋውን ለካህናቱ አስረክቤ፣ ማህበሩን በጸሎት ዘግቼ ልሂድ። ሜዳ ላይ ከሚወድቅ ይሻላል።"

"ጽዋው ሜዳ ላይ አልወደቀም፤ እኔ ደረት ላይ ነው ያለው። ተራው የኔ ነው፣ ገና አላነሳሁትም። የሚካኤልን ጽዋ ተቀብዬ ሳላነሳ ላስረክብ? ኧረ በሚካኤል! ምን ቢያደርገኝ ጥሩ ነው?"

እውነቷን ነው። በዚህ ማህበር በየወሩ በአሥራ ሁለት አንዱ ባለተራ ይደግሳል፣ ጠላ ይጠምቃል። ጽዋው በጸሎት ይነሳና ሁሉም ከዚያው ይቀምሳል። ከዚያ ለቀጣዩ ባለተራ ተሰጥቶ፣ በእልልታ ቤቱ ድረስ ይሸኛል። ምንዳዬ ጽዋውን የተቀበለችው ጦርነቱ ሊጀመር አንድ ወር ሲቀረው፣ በመጋቢት ሚካኤል ነበር። የሚያዝያ ሚካኤል ሳይደርስ ከተማው በእሳት ተያያዘ። ሰው ወርቁንና ፓስፖርቱን ይዞ ሲሸሽ እሷ ጽዋውን በጨርቅ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከትታ ወጣች።

"ታዲያ በምን ታነሺዋለሽ?" አሉ ጋሽ ጥዑመልሳን። "በከርከዴ ሻይ? የማህበራችን ደንብ ጠላ ነው የሚለው።"

"ከርከዴ ማን አለ? ጠላ እጠምቃለሁ።"

እዚያ የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ ጓደኛዋ የኔነሽ እንኳ አልቀረችም። የኔነሽ ካፉሪ ሰፈር አንድ ሀብታም ቤት ተቀጥራ ታድራለች፤ ቀኑን ሙሉ ትሠራለች፣ አፏ ግን ከእጇ ይበልጣል። "እትዬ ምንዳዬ፣ መብራት በሌለበት፣ ውሃ ከካሮ፣ ከአህያ ጋሪ፣ በሚገዛበት፣ ጌሾ በጠፋበት አገር?" አለቻት።

"ጌሾ ከገዳሪፍ ይዤ መጥቻለሁ። ኬላ ላይ ወታደሩ ምንድነው ሲለኝ ለሆድ ቁርጠት ነው ብዬው፣ ለራሱም ቆንጥሬ ሰጥቼዋለሁ።"

ጋሽ ጥዑመልሳን አልሳቁም። ትንሽ አሰቡና ቆርጠው ተናገሩ። "ለኅዳር ሚካኤል ጠላ ካለ ጽዋው ይነሳል። ከሌለ ታስረክቢያለሽ፤ ማህበሩም እዚያው ያበቃል። ተስማማን?"

"ይሁን!" አለች ምንዳዬ።

ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ባሏ ሻምበል የሞተው በስደት፣ ገዳሪፍ ነው። ወባ ነው ብለውት በቀናት ውስጥ አረፈ። የካርቱም ሐበሻ ሲሞት ሬሳ የሚያጥበው፣ ሳጥን የሚሸከመው፣ ድንኳን ውስጥ የሚያድረው ማህበርተኛው ነበር። ሻምበል ራሱ ስንቱን ቀብሯል! እሱን ግን ስሙን እንኳ የማያውቁ ሰዎች፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ ተሸክመው ቀበሩት። አንዱ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ "ማን እንበል?" ብሎ ጠየቃት። ይህች ጥያቄ እስከ ዛሬ ትቆጠቁጣታለች። ምንዳዬ ዘመድ የላትም፣ ልጅ አልወለደችም። ማህበሩ ከፈረሰ የሷንም ሬሳ "ማን እንበል?" እያሉ ይቀብሩታል። ይህን ፈራች። ፍርሃቷን ደግሞ እንደ ወትሮው እልህ አደረገችው።

ጀሪፍ ሰፈር ያለው ቤቷ በር የለውም፤ ዘራፊዎች ከነመቃኑ ነቅለው ወስደውታል። የኤሌክትሪኩን ሽቦ ሳይቀር ከግድግዳ ውስጥ መዘው አውጥተውታል። ፍሪጁ ሄዷል፣ አልጋው ሄዷል፣ የሻምበል የክት ኮት ሄዷል። ያልሄደው መሬቱ ብቻ ነው። የምንዳዬ ጋን ደግሞ መሬት ውስጥ ነበር።

ጋን ትበለው እንጂ የሱዳን ዚር ነው፤ ሱዳኖች ውሃ የሚያቀዘቅዙበት ትልቁ የሸክላ ማሰሮ። ድሮ ጠላ መጥመቅ ሲያስገርፍ፣ ፖሊሶች በየሐበሻው ቤት "ከሻ!" እያሉ ድንገት ይገቡ ነበር። ያኔ ሻምበል አልጋው ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ዚሩን እንዳያልበው በሰሊጥ ዘይት አጠጥቶ፣ እስከ አንገቱ ቀበረው። ላዩ ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ሰሌን፣ ሰሌኑ ላይ አልጋ። ስንቱ የከሻ አለቃ እዚያው አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ ሻዩን ጠጥቶ ሄዷል! ኋላ ሕጉ ለክርስቲያን ሲላላም ጋኑን ከቦታው አላነሱትም። ቀዝቃዛው አፈር ጠላውን እንደሚያሳምርላቸው አይተዋላ።

በዚያች ጦርነቱ በፈነዳባት የቅዳሜ ስዑር ጠዋት ጋኑ ሙሉ ነበር። ጠላው ለፋሲካ መፈሰኪያ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ለሚካኤል ጽዋ የተጠመቀ ነው። አፉን በጭቃ የመረገው ሻምበል ነበር። "ይህን የምከፍተው እኔ ነኝ፣ ማንም እንዳይነካብኝ!" ብሎ ዝቷል፤ ጾሙን ሙሉ ጠላ የሚባል አልቀመሰም። ከዚያ ተኩሱ መጣ። ቀናት ወለል ላይ ተኝተው ከረሙ፤ በጥይት መሃል ማን ጠላ ያስባል? አንድ ንጋት ላይ ሲወጡ ሻምበል ወደ አልጋው ዞር ብሎ "ስንመለስ" አለ። አልተመለሰም።

ምንዳዬ ከጎረቤቷ ከኒዕማ አካፋ ተውሳ መጣችና አቧራውን ጠረገች፤ ጣውላውን አነሳች። ምርጊቱ እንዳለ ነው። ጭቃው ላይ የሻምበል ጣቶች፣ ጠቅ ጠቅ ያደረገባቸው ቦታዎች፣ አውራ ጣቱ ሳይቀር፣ ደርቀው ቁጭ ብለዋል። የራሷን ጣቶች እዚያ ውስጥ ከተተቻቸው። ሰፏት። ያኔ ጮኻ አለቀሰች፤ ገዳሪፍ ላይ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች።

ኒዕማ የሱዳን መጎናጸፊያዋን ቶቧን እየጎተተች እየሮጠች ገባች። ይህች ሴትዮ ጦርነቱን ሁሉ ጀሪፍ ላይ አሳልፋለች። "ጎረቤቶቼ ሲመጡ ማን ይቆያቸዋል?" ብላ አልሄድም ያለች ናት፤ ግትርነት የምንዳዬ ብቻ መስሏችሁ እንደሆነ። አቅፋ አባበለቻት። ምርጊቱን ሰብረው ሲከፍቱት ኃይለኛ ሽታ አፍንጫቸውን ሰነጠቀው። ምንዳዬ በጣሳ ቀድታ ቀመሰችና ፊቷ ተጨማደደ። ኮምጥጧል! ጥርስ የሚያፋጭ ኮምጣጣ ሆኗል።

"አይ ሻምበል" አለች። "ይኸው ጠላህ። ለሰው አይሰጥ፣ ለኔ አይሆን።"

ኒዕማ ጣሳውን ተቀብላ አሸተተችና ዓይኗ በራ። "ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ይህ እኮ ኸል ነው፣ ኮምጣጤ! ራሱን በራሱ ኸል ያደረገ ደግሞ ለኛም ሐላል ነው። ገበያ ላይ ኸል ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ልትደፊው ነው?"

የባሏን የመጨረሻ ጠላ መሬት ላይ መድፋት ምንዳዬን ከብዷት ነበር። ለጎረቤት ሰላጣ ከሆነማ ምን ከፋ? ኒዕማ ጀሪካኗን አምጥታ ስትቀዳ ግርጌው ላይ የረጋውን ወፍራም አተላ ምንዳዬ ልትጠርገው ብትል እጇን ያዘቻት። "እሱንም፣ እሱንም! የኸል እናት ከሥር ናት" አለችና አጋብሳ ወሰደችው።

ከዚያ በኋላ ምንዳዬ ያደረገችውን ማንኛዋም የጎንደር ባለሙያ ታደርገው ነበር። ጠላዋ የኮመጠጠባት ሴት መጀመሪያ የምትታማው በጋኗ ነው፤ "አታጥብም" ትባላለች። ምንዳዬ ደግሞ ከምትታማ ብትሞት ይሻላታል። ስለዚህ ዚሩን ከጉድጓዱ አውጥታ በፈላ ውሃ አጠበችው፣ በአሸዋ ፈተገችው፣ እንደገና በፈላ ውሃ አለቀለቀችው፣ ፀሐይ ላይ ደፋችው። ወይራ ባይገኝ የግራር ፍልጥ አንድዳ ጢሱን እስኪጠግብ አጠነችው። ጌሾውም በመንገድ እርጥበት አግኝቶት ሻገት ስላለ፣ ይህም ይጽዳ ብላ ብረት ድስት ላይ አመሰችው። የማሽላውን ብቅልም ካበቀለች በኋላ በእሳት አደረቀችው። "ንጹሕ!" አለች እጇን እያራገፈች፤ ግማሹን ጌሾ ከብቅሉ ጋር በውሃ በጥብጣ ጠነሰሰች።

ጥንስሱ ዝም አለ።

በማግስቱ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች፤ ድምፅ የለም። በሣልስቱ ክዳኑን አነሳች፤ አረፋ የለም። ጋቢዋን አለበሰችው፣ ለመነችው፣ ሰደበችው፤ ወይ ፍንክች! ውሎ ሲያድርማ የበሰበሰ ቅጠል መሽተት ጀመረ።

የኔነሽ በእረፍቷ ቀን ብቅ ብላ ሽታውን ስታሸት አፍንጫዋን ያዘች። "እትዬ፣ ይህን ጽዋ ውስጥ ከጨመርሽው ሚካኤል ራሱ ሰይፉን ይመዝብሻል።"

"ዝም በይ አንቺ ምላሳም!" አለች ምንዳዬ። ድምፅዋ ግን ተሰብሮ ነበር።

"የምሬን ነው። ተይው በቃ። ማንም አይፈርድብሽም። ጋሽ ጥዑመልሳንም ይሄዳሉ፣ እኔም ይበቃኛል፣ አገሬ እገባለሁ። አንቺም ነይና አብረን እንግባ።"

"አገሬ ማን አለኝ? እዚህ ነው ሰው የነበረኝ" አለችና ጥንስሱን ተሸክማ ወጥታ ጓሮ ደፋችው። ስትመለስ የቀረውን ጌሾ በእጇ መዘነችው። ለአንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ይህም ከተበላሸ አበቃ።

ተቀምጣ አሰበች። ውሃው ያው የዓባይ ውሃ ነው፤ ማሽላው ያው ነው፤ እጇም ያው። ድሮ ጠላዋ በማግስቱ "ሽሽሽ" እያለ ሰው ይቀሰቅስ ነበር። ምኑ ጎደለ? እያሰበች ሳለ ከግንቡ ማዶ ኒዕማ የኪስራ፣ የሱዳን እንጀራ፣ ሊጧን ስትመታ ሰማቻት። ተነስታ ሄደች።

ኒዕማ ሊጡን የምታቦካበት ማሰሮ በዙሪያው የደረቀ ሊጥ ቅርፊት ሠርቷል። ምንዳዬ ሌላ ጊዜ ቢሆን በሆዷ ትታዘባት ነበር፤ አሁን ግን ዓይኗ እዚያ ላይ ተተክሎ ቀረ።

"ኒዕማ፣ ይህን ማሰሮ አታጥቢውም?"

"አጥቤው ምን ልሁን? ካጠብኩት ሊጡ ይተኛል። ከትናንቱ ትንሽ ካልቀረ የዛሬው በምን ይነሳል?"

ምንዳዬ ግንባሯን በመዳፏ ጠፈጠፈች። "ውይ በሞትኩት! ገደልኩት! በገዛ እጄ፣ በፈላ ውሃ ገደልኩት!" ጠላ የሚያፈላው ዓይን የማያየው ነፍስ ያለው ነገር መሆኑን፣ ከጌሾው ቅጠል ጋር መጥቶ ጋኑ ገላ ውስጥ እንደሚያድር ሳታውቀው ኖራ አይደለም። አገር ቤት ጋን ይታጠባል፣ ይታጠናል፤ ግን በፈላ ውሃ ሲቀቀል ማን አይቷል? ሐሜት ፈርታ፣ ከጋኑም ከቅጠሉም ከብቅሉም ነፍስ የሚባል ጠርጋ አውጥታለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏታል፤ ምንዳዬ ደግሞ ያፈሰሰችው አተላ፣ ከነነፍሱ፣ ጎረቤት ቤት ጀሪካን ውስጥ ነበር።

እዚህ ላይ ልቧ ለሁለት ተከፈለ። "ኸሉን ለሰላጣ ፈልጌው ነው" ብትላት ኒዕማ ሳትጠይቅ ትሰጣታለች። ግን ይህች ሴት ሙስሊም ናት፤ ጠላ ለመጥመቅ መሆኑን ሳታውቅ ብትሰጣት ኃጢአቱ የማን ይሆናል? ከዚህች ደግ ሴት ጋር በውሸት መኖር አልፈለገችም።

"ኒዕማ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ከሰጠሁሽ ኸል ከሥሩ ያለውን አተላ እፈልጋለሁ። ጠላ ልጠምቅበት ነው፤ ለሚካኤል። አልችልም ካልሽኝ አልቀየምሽም፤ ወላሂ።"

ኒዕማ እጇን ከሊጡ አውጥታ ጣቶቿን ጠረገች። ምንዳዬ "በቃ ተይው" ልትል አፏን ከፈተች።

"ኸል ሰጠሽኝ አይደል?" አለች ኒዕማ ቀድማት። "ጎረቤት ጨው፣ እሳትና ኸል አይከለከልም። ስለዚህ ኸል እመልስልሻለሁ። ከግንቡ ማዶ ምን እንደምታደርጊበት አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ እንዳትነግሪኝም።" ተነስታ ጀሪካኗን ከጥላው አመጣች። የላይኛውን ጥርት ያለውን ለራሷ ቀንሳ፣ ሥሩን በጎድጓዳ ሳህን ገለበጠችላት። "ሻምበል ሰው ነበር" አለች ሳህኑን ስታቀብላት። "ባሌ የሞተ ጊዜ ድንኳኑን የተከለልኝ እሱ ነው። ያላ፣ ውሰጂ።"

ምንዳዬ ሳህኑን እንደ ሕፃን ታቅፋ ወጣች። ይህን ጊዜ ጌሾውን አላመሰችውም፤ ሻጋታውን ብቻ እየመረጠች ጣለች። ብቅሉንም እንደ አዲስ አብቅላ በፀሐይ አደረቀች። ዚሩን ወደ ጉድጓዱ መልሳ ለቅለቅ ብቻ አደረገችው። ከዚያ ጠነሰሰችና የሻምበልን አተላ ጨመረችበት። "እንግዲህ ሻምበል" አለች ክዳኑን እየገጠመች፣ "ካለህ ተነስ። ከሌለህም ንገረኝ።"

በማግስቱ ምንም የለም። በሣልስቱም ያው። እሷም ወደ ጸሎቷ ገባች፤ ጸሎት እንኳ አይባልም፣ ከሚካኤል ጋር ክርክር ነው። ከዚያ አንድ ማለዳ ወለሉን ስትጠርግ መጥረጊያው መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ከጉድጓዱ ውስጥ ትንሽዬ ድምፅ፣ ትር... ትር... ትር። ተንበርክካ ክዳኑን ስታነሳ አረፋው አፍ አፉን ብሎ ተቀበላት። እልል አለች! ብቻዋን፣ በር በሌለው ቤት ውስጥ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ እልል አለች። ከግንቡ ማዶ የኒዕማም እልልታ መለሰላት፤ ያላየችውና ያልሰማችው ኒዕማ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት! ቂጣ ጋገረችና ቆራርሳ ጨመረች፤ አሻሮ ቆልታ ደፈደፈች፤ ከካሮው ውሃ ገዝታ ሞላች። ሊመረግ ሲል የድሮውን የሻምበልን ምርጊት ስብርባሪ አወጣች፤ አልጣለችውም ነበር። በውሃ አርሳ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ለወሰችውና የጋኑን አፍ መረገችበት። ጣቶቿን ጠቅ ጠቅ አደረገች። ከበዓሉ በፊት አትክፈቺ፣ አትክፈቺ እያለች ራሷን ታገለች።

የኅዳር ሚካኤል ጁምዓ ላይ ዋለ። ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ጀሪፍ ሳይደርስ ምንዳዬና የኔነሽ የምስሩን ወጥ አወረዱ፤ ምርጊቱም ተከፈተ። ምንዳዬ ቀድታ ቀመሰች። ቀና ስትል ፊቷ አመድ መስሏል።

"ምነው?"

"ኮምጧል።"

የኔነሽም ቀመሰች። እንደ መጀመሪያው ጥርስ የሚያፋጭ አይደለም፤ አረፋ አለው፣ ጥሩ ጢስ ጢስ ይላል፤ ግን ኮምጣጣነቱ ግልጽ ነው፣ ምላስ ጥግ ላይ ይዞ አይለቅም። "ስኳር እንጨምርበት፣ ማንም አያውቅም" አለች ቶሎ ብላ።

"እኔ አውቃለሁ" አለች ምንዳዬ። "የሻምበልን ኮምጣጣ ልጅ በስኳር አልደብቅም። እንደሆነ ይሁን፤ አቅርቢ።"

ጋሽ ጥዑመልሳን ከሚኖሩበት ከሶባ ድረስ በሓፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ መጥተው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መሃል ተቀመጡ። ዘማርያም፣ መኪናው ተዘርፎ ከዘመድ ቤት ወለል ላይ የሚያድረው ሹፌር፣ በአንድ በኩል፤ የቀሩት ጥቂቶች በሌላ በኩል። ወንበር ስለሌለ ሁሉም ሰሌን ላይ ነው። ምንዳዬ ጽዋውን ከጨርቁ ፈታ አወጣችና ሞልታ አቀረበች። ሙሴው ጸሎቱን አደረሱ፣ የሞቱትን በስም ጠሩ። "ሻምበል" ሲሉ ምንዳዬ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ጽዋውን አንስተው ተጎነጩ።

ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉ።

"ኮምጧል" አሉ።

"አዎ ኮምጧል" አለች ምንዳዬ፤ ድምፅዋ ከፍ አለ። "ሁለት ዓመት ከምናምን አፈር ውስጥ ተቀብሮ የማይኮመጥጥ ማነው? እኛስ አልኮመጠጥንም? ያ የፋሲካው ጠላ ነው፣ ጋሼ። ሻምበል የመረገው። አተላው አልሞተም፤ በሱ ነው ያስነሳሁት። ጣፋጭ ከፈለጉ ሱቅ አለ። ያለኝ ይህ ነው፤ ይህም ጠላ ነው!"

"ደንቡ ጠላ ይላል እንጂ ጣፋጭ ጠላ አይልም" አለች የኔነሽ ከጓዳ።

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ያቺን ፋሲካ እያሰበ ነበር፤ ያልተፈሰከችውን፣ ዶሮው ሳይታረድ፣ ጠላው ሳይከፈት የቀረችውን። ጋሽ ጥዑመልሳን ጽዋውን እንደገና አፋቸው ላይ አደረጉና ረዘም አድርገው ጠጡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "እንኳን አደረሰን" አሉ ቀስ ብለው። "የዘገየ ፋሲካ ነው።" ጽዋውን ለዘማርያም አሳለፉት። ጽዋው ዞረ፤ ሁለተኛም ዞረ። ሰው ቅድም ያልበላውን ምስር ጠራርጎ በላ፣ ጨዋታ መጣ፣ ዘማርያም መዝፈን ቃጣው። ኮምጣጣው ጠላ ጨምሩ፣ ጨምሩ ተባለለት።

ቀኑ ሲያዘቀዝቅ ሙሴው ጽዋውን ፊታቸው አስቀምጠው እንደ ደንቡ ጠየቁ። "የሚቀጥለውን ማን ያነሳል?"

የኔነሽ የምታድረው በአሠሪዎቿ ቤት ነው፤ እዚያ ማህበር አይደገስም። ዘማርያም የሚያድርበት ወለል የራሱ አይደለም። የቀሩትም አንገታቸውን ደፉ። ምንዳዬ እጇን ዘረጋች። "እኔው ልድገመው።"

ጋሽ ጥዑመልሳን ጽዋውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። "አይቻልም። ተራ ሳይዞር አንድ ሰው ሁለቴ አይቀበልም፤ ደንብ ነው።"

"ደንብ! ደንብ እያላችሁ ማህበሩን ልትገድሉት ነው?" እንባዋ መጣ። "ሻምበልን የቀበሩት 'ማን እንበል' እያሉ ነው! እኔንም እንዲህ እንዲሉኝ ነው የምትፈልጉት?"

ሙሴው ጽዋውን በመዳፋቸው አዙረው አዩት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሶባ ያለው ቤቴ" አሉ፣ "ጣሪያው አልተወሰደም።"

"የነገው መኪናስ?" አለ ዘማርያም።

"መኪናው ይሂድ! መኪና ደግሞ ጠፍቶ ያውቃል? ሚስቴ ከፈለገችኝ መንገዱን ታውቀዋለች።" ጽዋውን በሁለት እጃቸው አነሱት። "ለታኅሣሥ ሚካኤል እኔ ዘንድ ናችሁ። ምንዳዬ፣ ከዚህ አተላ ቅጂልኝ።"

የኔነሽ በሳቅ ፈነዳች። "ጋሼ ጠላ ሊጠምቁ! ጉድ በል ጎንደር! ማን ያጣራልዎታል?"

"አንቺ ነሻ! በእረፍትሽ ቀን አትመጪም?" አሉ ቆጣ ብለው። "ካልደፈረሰ አይጠራም፤ ትንሽ ባደፈርስስ?"

ምንዳዬ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ጓዳ ገባች። አተላውን በላስቲክ ጠርሙስ ቀዳችና፣ በመንገድ እንዳይፈነዳ ክዳኑን አላልታ አመጣችላቸው። እልልታ ቀለጠ፤ ከግንቡ ማዶም አንድ እልልታ ተጨመረበት። ሙሴው ጽዋውን በቀኝ፣ ጠርሙሱን በግራ ይዘው ከሰዎቻቸው ጋር ወደ ሶባው ሓፍላ አቀኑ። ምንዳዬ በር በሌለው ደጃፍ ላይ ቆማ ጮኻ ጠራቻቸው።

"ጋሼ! አደራዎን ጋኑን ለቅለቅ ብቻ! በፈላ ውሃ ካጠቡት ሶባ ድረስ መጥቼ ነው የምጣላዎት!"